ጥቁሯን ይውሰዱ

መስከረም 9

ለተወደድከው የወንድሜ ልጅ፣ ለቤታችን ኢንጂነር፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ ሙሉ፣ ጉልበትህ ደህና ሆኖ ያግኝህ። እኛ ከእርጅና በቀር የነካን የለም፤ እርጅናም ቢሆን ሰው ሳይለይ ነውና የሚነካው ቅር አይለንም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል እንዳትለኝ። ስልኩን በዘጋን በአምስት ደቂቃው እትዬህ ትረሳዋለች፤ “ልጁ ድምፁን አጠፋ” ብላ ማልቀስ ትጀምራለች። ወረቀት ግን በየቀኑ አነብላታለሁ፣ በየቀኑም እንደ አዲስ ትሰማዋለች። ባለፈው የላክኸውን አንድ ገጽ ሃያ ጊዜ ሳናነበው አልቀረንም። “ሥራ ጥሩ ነው” የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ሃያውንም ጊዜ አጨብጭባለች። እኔ ግን በቃሌ ያዝኩት፤ እባክህ ረዘም አድርገህ ጻፍ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የእትዬህ መርሳት ብሷል። ድሮ የምትረሳው ቁልፍ ነበር፣ አሁን ዓመቱን ረሳች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሹራቧን ትለብስና “ልጁ ሊወጣ ነው” ብላ ትነሳለች። ልጁ አንተ ነህ። የምትሄደው ወደ ድሮው ትምህርት ቤትህ በር ነው፤ ሁልጊዜ ግን አታገኘውም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጋዜጣ ሻጭ ከአውቶቡስ ማዞሪያው አምጥታልኛለች፤ የእትዬህ አንድ እግር ጫማ አልነበረውም። በማግሥቱ በሩን ቆልፌባት ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ብረቱን ስትደበድብ ውላ እጇ አባብጧል። “ልጁ ብቻውን ቀረ፣ አንተ ጨካኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልቆለፍኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልሠራላት አስቤአለሁ። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ሹራቧ ጫፍ ውስጥ የምትሰፋ ነገር ናት። በየደቂቃው በሬዲዮ “አለሁ” ትላለች። ሱቄ ውስጥ ሌላ ሳጥን ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። እትዬህ ከግቢ ስትርቅ ድምፁ ይጠፋባትና ትጮሃለች፤ እኔ ደግሞ መበየጃዬን ጥዬ እሮጣለሁ። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ይህ አያቅተውም። ግን እኔ የማውቀው ትራንዚስተር ነው። ፕሮሰሰር የሚባለውን፣ የነገሩትን ይዞ ራሱ የሚያስበውን፣ ገና አምና ነው ከኮምፒውተር አስተማሪው ጎረቤታችን ዘንድ ቁጭ ብዬ የተማርኩት። “ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ ረስተዋል” ሲለኝ ቆይቶ አሁን እሱም ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሏል።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ጋ ፕሮሰሰር ያረፈባቸው ሦስት ዓይነት ቦርዶች አሉ። ሰማያዊው ትልቅ ነው፤ ሁሉን ይችላል፣ ባትሪ ግን እንደ ውሃ ይጠጣል። አረንጓዴው ቀርፋፋና ወፈር ያለ ነው፣ ግን የትም ይገኛል። ሦስተኛዋ ጥቁር ናት፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ባትሪ የምትቆጥብ። እኔ የምፈልገው፣ ባትሪው ሳምንት ይቆይ፤ እሷ ቻርጅ አድርጊ ብትባል አታስታውስም። ትንሽ ይሁን። ከተበላሸም ተተኪ አይጥፋለት። አንተ ውሎህ ከነዚህ ጋር ነውና ምረጥልኝ። አንተ የመረጥከውን ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ።

እትዬህ አጠገቤ ተቀምጣ “ምሳውን በላ ወይ በለው” ትለኛለች። በላህ ወይ?

አጎትህ፣ ሰፈሩ “ጋሽ ሬዲዮ” የሚለኝ


ጥቅምት 12

ለተከበሩት ጋሼና ለምወዳት እትዬ፣

በያላችሁበት ሰላሜ ይድረሳችሁ፤ ቤታችሁን ክፉ አይንካው።

ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ በር ሥር አገኘሁት። ያነበብኩት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ክፍሉን የምጋራው ልጅ ማታ ማታ ስለሚሠራ ቀን ይተኛል፣ መብራት አይበራም። ጋሼ፣ ስለ እትዬ የጻፉትን ሳነብ ያን በር አስታወስኩት። ገና ሳልደርስ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ ትቀበለኝ ነበር። በስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላረፈደችም።

ስለ ቦርዱ ያለ ምንም ጥርጥር ጥቁሯን ይውሰዱ። በቀን ሦስት መቶ ፕሮሰሰር በእጄ ያልፋል፤ ከመቶው ሰባው እሷ ናት። ትላልቅ ድርጅቶች በሺህ በሺህ ያዛሉ፣ መደርደሪያው ሞልቶ አያድርም። ሰው ሁሉ የሚሻማበት ነገር መጥፎ ሊሆን አይችልም። አረንጓዴው ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ አቧራ ለብሷል። ስለ ጥቁሯ የሚያስረዳውን መግለጫ ወረቀት አብሬ ልኬልዎታለሁ። የባትሪው ሠንጠረዥ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ሥራ ጥሩ ነው። እትዬ፣ እዚህ ጋ ታጨበጭቢያለሽ። ምሳዬንም በልቻለሁ።

ልጃችሁ


ኅዳር 3

ለኢንጂነራችን፣

ሰላምታችን በያለህበት ያግኝህ፤ ከብርድና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ።

ደብዳቤህ በገባ ማግሥት ሄጄ ጥቁሯን ገዛሁ። ሁለት ናቸው፣ አንዷ ለእሷ አንዷ ለሱቁ። ሻጩን ታውቀዋለህ፣ ያን ሁሉን አውቃለሁ ባይ። “አባቴ፣ አረንጓዴው ይሻልዎታል፣ ይቺ እኮ…” ብሎ ሊመክረኝ ሲጀምር “የመረጠልኝ ኢንጂነር ነው፣ አንተ ዕቃህን ሽጥ” ብዬ አፉን አስያዝኩት። ትንሽ አየኝና ትከሻውን ነቅንቆ ጠቀለለልኝ። የላክኸውን ወረቀት ከፊትም ከጀርባም አንብቤዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሱቄን አሁን ብታየው ትስቃለህ። የሰው ሬዲዮ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ እኔ ግን እሷ ላይ አቀርቅሬ እውላለሁ። አንዲት ደንበኛ “ሬዲዮዬ ሦስት ሳምንቱ፤ ለመሆኑ ምን እየሠራህ ነው?” ብትለኝ “ለሚስቴ ጌጥ” አልኳት። “በዚህ ዕድሜ!” ብላ እየሳቀች ሄደች። የቦርዷን መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ብልጭ ድርግም ያደረግሁ ቀን እትዬህን ጠርቼ አሳየኋት።

“ምን ትላለች?” አለችኝ።

“አለሁ ትላለች።”

“እኔም አለሁ በላት” አለች።

አሁን የተያዝኩት አንድ ቦታ ነው። ቦርዷ ቀኑን ሙሉ ነቅታ ከዋለች ባትሪው በሁለት ቀን ያልቃል። “አለሁ” ካለች በኋላ እስከሚቀጥለው ደቂቃ እንድትተኛ እፈልጋለሁ። ስትተኛ ግን አትነቃም፤ እንደ አባትህ ናት። እናንተ እንዴት ነው የምታስተኟት? ሲመችህ ጻፍልኝ።

እትዬህ በሹራቡ ጫፍ ኪስ ሰፍታ ጨርሳለች። ለምን እንደሰፋችው ግን ረስታ ቁልፍ ጨምራበታለች።

አጎትህ


ኅዳር 29 (ያልተላከ)

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ትምህርቱን ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የተውኩት፣ ስድስት ዓመት ሆነው። የምሠራው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ጋሪ እገፋለሁ። ክንዴ ላይ የታሰረ መሣሪያ የመደርደሪያ ቁጥር ያሳየኛል፤ ሄጄ ዕቃውን አነሳለሁ፣ ጋሪው ውስጥ አደርጋለሁ፣ መሣሪያው ስንት ሰከንድ እንደፈጀብኝ ይቆጥራል። እዚህ ስሜ አርባ አንድ ነው። በቀን ሦስት መቶ ፕሮሰሰር በእጄ ያልፋል ያልኩዎት ውሸት አይደለም፤ የሚያልፈው ግን በሳጥን ታሽጎ ነው። ጥቁሯን የመረጥኩልዎት ስለማውቃት አይደለም። እግሬ ወደ እሷ መደርደሪያ ስለሚበዛ ነው።

ያን ጊዜ እትዬ በስልክ “ኢንጂነር ሆንክልኝ?” አለችኝ። በዚያው ሳምንት ነበር ትምህርቱን የተውኩት። አዎ አልኳት። ስትስቅ ሰማኋት። እርስዎ ለሰፈሩ ነገሩ፣ ሰፈሩም ስም አወጣልኝ። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ።

ስለ እንቅልፉ የጠየቁኝን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ከላይኛው ፎቅ፣ ከቴክኒክ ክፍሉ፣ አንዲት ሴት ዕቃ ልትወስድ ወደ ታች ስትወርድ ተከትያት ጠየቅኋት። ዕረፍቴ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ስድስቱን ቆማ አስረዳችኝ፣ በወረቀትም ጻፈችልኝ። “ለማን ነው?” አለችኝ። “ላሳደገችኝ” አልኳት።

ይህን ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ።


ኅዳር 29

ለተከበሩት ጋሼ፣

ጤና ከናንተ ጋር ይሁን። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ አይቀየሙኝ።

ስለ እንቅልፉ፣ ቦርዷን ጨርሶ አያስተኟት። ውስጧ ያለው ሰዓት ነቅቶ እንዲቆይ ይተዉት፣ ሌላው ሁሉ ይተኛ። ሰዓቱ ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ይቀሰቅሳታል። የሬዲዮውንም ኃይል ከሥራ በኋላ ፈጽመው ይቁረጡት። ትእዛዞቹን በዚህ ወረቀት ገልብጫለሁ።

ሥራ ጥሩ ነው። እትዬን ይሳሙልኝ።

ልጃችሁ


ጥር 6

ለውድ ልጃችን፣

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ጥርሱ ይስጥህ።

ሠራ! ባትሪው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ዘጠኝ! ያ የእንቅልፍ ነገር እንደ ተአምር ነው፤ ለጻፈው እጅ ምስጋናዬን አድርስ።

አሁን እንዴት እንደምንውል ልንገርህ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የሱቁ ሳጥን ትጮሃለች። ወጥቼ እከተላታለሁ፤ አልጠራትም፣ አልመልሳትም። ሃያ እርምጃ ወደኋላ ሆኜ ብቻ እሄዳለሁ። መንገድ ስትስት ቀድሜ እዞርና ድንገት እንደተገናኘን ሰው “ወዴት ነው?” እላታለሁ። “ልጁን ላመጣ” ትላለች። “እኔም ወደዚያው ነኝ” እላትና አብረን እንሄዳለን። በሩ ላይ ቆመን ልጆቹ ሲወጡ እናያለን። ሁሉም ሲያልቁ “ዛሬ ቀድሞ ወጥቶ ቤት ነው” እላታለሁ። “አንተ ነህ ያስቀደምከው?” ትለኛለች። “አዎ” እላለሁ። እጄን ይዛ እየሳቀች እንመለሳለን። ካገባኋት አርባ ሁለት ዓመት ነው፤ እንዲህ በየቀኑ አብረን የሄድንበት ጊዜ ግን አልነበረም። ሁልጊዜ ሱቅ ነበርኩ።

ሰፈሩ “ጋሽ ሬዲዮ ሚስቱን በሪሞት ያዛታል” እያለ ይስቃል። ይሳቅ። የኮምፒውተር አስተማሪው እንኳ መጥቶ ፕሮግራሜን አየና “ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ቦታው ላይ ነው” አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

የምለምንህ አንዲት መጠባበቂያ ጥቁር ቦርድ እንድትልክልኝ ነው። ዕቃ ነው፣ ይወድቃል፣ ይረጥባል። ሻጩ ጋ አልቃለች። እዚያም ካልተገኘች ግን አትጨነቅ። “ሌላ ቦርድ ይውሰዱ” ብትለኝ ደስ ብሎኝ እወስዳለሁ፣ ሰው መቼም አንዴ በመረጠው አይታሰርም። አንተ በል ብቻ።

አጎትህ


የካቲት 2

ለተከበሩት ጋሼ፣

ሰላምታዬ በእትዬ ሳቅ ላይ ይጨመርልኝ። ደብዳቤዎን ሃያ ጊዜ ባላነበውም አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መጠባበቂያዋን በተመለከተ፣ መደርደሪያው ለጊዜው ባዶ ነው። በቅርቡ ይሞላል ብለውኛል። ሌላ ቦርድ ግን አያስፈልግዎትም፤ ከጥቁሯ የተሻለ የለም። ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ።

ሥራ ጥሩ ነው።

ልጃችሁ


መጋቢት 2

ለውድ ልጃችን፣

ደህና ሁንልን፤ ያንተ ደህና መሆን ለኛ መድኃኒታችን ነው።

ቦርዷ ሞተች። ከትናንት ወዲያ እትዬህ ሹራቧን ራሷ አጠበችው። ሳፋውን ሞልታ፣ ሳሙናውን አረፋ አድርጋ፣ ከነሳጥኗ። “ልጁ ቆሽሼ እንዳያየኝ” ነው የምትለው። ልቆጣት አልቻልኩም፤ ሹራቡ ደግሞ እውነትም ነጽቷል። ቦርዷን አደረቅሁ፣ በአልኮል አጠብኩ፣ እግሮቿን አንድ በአንድ በመበየጃ ነካካሁ። አልተነሳችም። የሱቁን ሳጥን ነቅዬ አስቀመጥኳት፤ የእህቷ ድምፅ ስለጠፋባት ያለማቋረጥ ትጮህ ነበር። የሱቁን ቦርድ ነቅዬ ለእሷ እንዳልሰጥ ደግሞ ያለ ሰሚ የሚናገር ምን ያደርጋል?

አሁን ስምንት ተኩል ላይ ሱቄን ዘግቼ ቤት እገባለሁ። ስትነሳ አብሬያት እወጣለሁ። ግን አንዳንድ ቀን ሰዓቱን ትስትና በጠዋት ትነሳለች። ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም።

እባክህ አንድ ነገር በለኝ። ትመጣለች ካልክ እጠብቃለሁ። አትመጣም ካልክ ሌላ አደርጋለሁ። አንተ ያልከውን ነው የማደርገው።

አጎትህ


ሚያዝያ 11

ጋሼ፣

ሰላምታ ማሳመር አቃተኝ። ይህን ሳልልክ ካደርኩ ዳግመኛ አልልከውም፤ ስለዚህ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ቦርዷ አትመጣም። ኢንጂነር አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከመደርደሪያ የማነሳ ሠራተኛ ነኝ፤ የምጠራውም በቁጥር ነው፣ አርባ አንድ። ጥቁሯን የመረጥኩልዎት ከመደርደሪያው ቶሎ ቶሎ ስታልቅ ስላየሁ ነው። ጥር ላይ መጠባበቂያ ልፈልግ ስሄድ የመደርደሪያው ምልክት ተነስቶ ቦታው ላይ የሥራ ጓንት ተደርድሮበታል። በመጋዘኑ የቴክኒክ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ጠየቅሁ። የእንቅልፉንም የነገረችኝ እሷ ናት። ጥቁሯን የሚሠራት ፋብሪካ ማምረት ማቆሙን ያሳወቀው አምና በክረምት ነው አለችኝ። ትላልቆቹ ድርጅቶች በሺህ በሺህ ያነሷት ስለወደዷት አልነበረም፤ ዳግመኛ ስለማትገኝ ያለችውን እየሰበሰቡ ነበር። እኔ ሽሚያውን አይቼ ጥሩነት መሰለኝ።

ይህን ካወቅሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። “በቅርቡ ይሞላል” ብዬ የጻፍኩት አውቄ ነው። በየዕረፍቴ ቀን የአሮጌ ዕቃ ሱቆችን ዞሬአለሁ፤ አንድ እንኳ አላገኘሁም። ባገኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ እሱንም ልንገርዎት።

ጋሼ፣ አረንጓዴውን ይውሰዱ። ዛሬውኑ። ሴትዮዋን ጠይቄአታለሁ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ይችላል፣ ባትሪውን አምስት ቀን ያቆያል፣ ለአሥር ዓመት ይመረታል ብላኛለች። የእርስዎ ፕሮግራም የት የት መለወጥ እንዳለበት በሁለት ገጽ ጽፋ ሰጥታኛለች፤ አብሬ ልኬያለሁ።

ለእትዬ ይህን አያንብቡላት። የድሮውን ያንብቡላት።

ይቅር ማለት ከቻሉ ይቅር ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 15

ልጄ፣

ተቀምጠህ አንብብ።

እትዬህ ግንቦት ስድስት ቀን አርፋለች። አልተሰቃየችም እንዳልልህ ዘጠኝ ቀን አስላታል። ሳንባ ምች ነው አለ ሐኪሙ። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ቀብረናታል፤ ብዙ ሰው መጣ። ያቺ ሬዲዮዋ የዘገየባት ደንበኛዬም መጥታ ነበር፣ ስታለቅስ ዋለች።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልህ። ብዙ ተደባብቀናል፣ ከእንግዲህ ይብቃን።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እትዬህ ምሳ በልታ ተኝታ ነበር። “አረንጓዴውን ይውሰዱ፣ ዛሬውኑ” የምትለው ጋ ስደርስ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ያን ቃል ካንተ ስጠብቅ ነበር። ኮቴን ደርቤ ወደ ሻጩ ሄድኩ፣ እስከ ስምንት ተኩል እመለሳለሁ ብዬ። መንገዱ በዝናብ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ቆመ። ቦርዱን በብብቴ ይዤ በእግሬ ነው የገባሁት፤ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ቤቱ ክፍት ነው፣ ሹራቧ የለም።

ትምህርት ቤቱን በትክክል አግኝታዋለች። ብቻዋን፣ አንዴም ሳትስት። ጥበቃው ከበሩ መነሳት ስለማይችል ጃንጥላውን ሰጥቷት ነበር፤ ወደ ውስጥ ግቢ ቢላት እምቢ አለች። “እናቴ፣ ልጆቹ እኮ ሄደው አለቁ” ሲላት “የኔ ገና አልወጣም” ትለዋለች። ሦስት ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ቆማለች። ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እኔን ስታይ ፈገግ አለችና “አንተም መጣህ?” አለችኝ። አረንጓዴው ቦርድ ብብቴ ውስጥ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን የኔን ውሸት ስማ። እኔ አውቅ ነበር። ጥቅምት ላይ የላክኸው የመግለጫ ወረቀት ሥሩ ላይ ቀይ ማኅተም አለበት። በነሱ ቋንቋ የመጨረሻ ምርት፣ ከዚህ በኋላ አይታዘዝም ይላል። አርባ ዓመት መለዋወጫ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ያን ማኅተም ሳያውቅ ይቀራል? ጀርባው ላይ ደግሞ ትንሽ ተለጣፊ አለ፤ የመደርደሪያ ቁጥርና “ዕቃ ለቃሚ 41” የሚል። ስትልከው ጀርባውን አላየኸውም። ሥራህ ምን እንደሆነ በዚያው ቀን ገባኝ። ሻጩም ፊት ለፊት ነግሮኛል፤ “አባቴ፣ ይቺ እኮ ልትቀር ነው” አለኝ። አረንጓዴውን በእጄ ይዤው ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

አረንጓዴውን ገዛሁ ብዬ ብጽፍልህ “ጋሼ አውቆብኛል” ብለህ አፍረህ መጻፍ ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ካልጻፍክ ለእሷ ምን አነብላታለሁ? ሰፈር ሙሉ ኢንጂነር ብዬ የጠራሁህ እኔ ነኝ፤ ያን ስም ካንተ ላይ መግፈፍ አቃተኝ። ስለዚህ ራስህ እስክትለው ልጠብቅ አልኩ። “ሌላ ቦርድ ውሰድ ብትለኝ እወስዳለሁ” ብዬ በር ከፈትኩልህ፣ አልገባህም። ቦርዷ ስትሞት በዚያው ቀን ሄጄ አረንጓዴውን መግዛት እችል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያንተን ፊት ስጠብቅ የእሷን በር ሳልጠብቅ ቀረሁ። አንተ እኔን አፈርክ፣ እኔ አንተን ላለማሳፈር ብዬ፣ በሁለታችን ይሉኝታ መሀል የቆመችው እሷ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም ይኸው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ይህን የምነግርህ ልወቅስህ አይደለም። ጥፋቱን ብቻህን ይዘህ እንዳትዞር ነው። ግማሹ የኔ ነው፣ ከግማሽም ይበልጣል፤ ያወቅሁት እኔ ነበርኩና።

ለእሷ አታንብብላት ያልከውን ደብዳቤ አነበብኩላት። በሰባተኛው ቀን፣ ትንሽ ቀና ያለች ዕለት “ልጁ አልጻፈም?” አለችኝ። የድሮዎቹ ሱቅ ነበሩ፣ ኪሴ ውስጥ የነበረው ያንተ የመጨረሻው ብቻ ነው። መጋዘኑንም፣ ጋሪውንም፣ አርባ አንዱንም፣ ምንም ሳላስቀር አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ሥራ ጥሩ ነው የሚለው የት አለ?” አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እኔ ጨምሬ አነበብኩላት። አጨበጨበች፤ እጇ ድምፅ አላወጣም።

ከእንግዲህ ቦርድ አልጠይቅህም። ለዚያች ሴት ግን ሁለት ገጿ ንጹሕ ሥራ መሆኑን ንገራት። የሚለወጠውን ሁሉ ለውጬ አረንጓዴውን ሠርቼዋለሁ፤ ይሠራል። የኮምፒውተር አስተማሪው እናቱ መርሳት ጀምራለች፣ ለእሱ ሰጠሁት። አንተም መምጣት በሆነልህ ጊዜ ና። ኢንጂነር ሆነህ አይደለም ና የምልህ። ጋሪ መግፋት ሥራ ነው፤ እኔም የሰው ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው ያሳደግሁህ።

የሱቁ ጥቁር ሳጥን መደርደሪያዬ ላይ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እሰካታለሁ። ድምፅ ታጣና ትጮሃለች። ነቅዬ አስቀምጣትና ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው መንገዱ። በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ልጆቹ ይወጣሉ፣ ይሮጣሉ፣ ያልቃሉ። ትናንት ጥበቃው ወንበሩን አመጣልኝና “አባባ፣ አሁን ማንን ነው የሚጠብቁት?” አለኝ።

“የኔ ገና አልወጣም” አልኩት።

አጎትህ